የመካሪ ትምህርት በጎጃም ደጋ

«መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ምክር ለንጉሥም ቢሆን የማይቀር መሆኑን ይነግረናል፤ መካሪው ራሱ መምከርን ከማን እንደ ተማረ ግን አይነግረንም። ብዙ ሰውም ይህን ጥያቄ አያነሣውም። ሽበት ሲወጣ ጥበብ አብሮ ይወጣል ተብሎ ስለሚታመን፥ የመካሪነት ትምህርት አለ ቢሉት የሚስቅ አይጠፋም። የጎጃምን ደጋ፥ ይልቁንም የደብረ ማርቆስንና የዙሪያዋን አድባራት ታሪክ ጠጋ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን፥ መካሪ የሚሠለጥንበት የታወቀ መንገድ እንደ ነበረ ይገለጥለታል። ይህም መንገድ ሰውየው ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ ሙሉ ቀን የሚውልበት አልነበረም። ከእርሻውና ከክህነቱ ጎን ለጎን፥ ቀስ እያለ የሚሄድበት ነበረ። በዘመናችን መምህራንና የጤና ሠራተኞች በትርፍ ጊዜአቸው የምክርን ሙያ መግቢያ እንዲማሩ ሲደረግ፥ ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የአገር ቤቱን ሥልጠና ከአዲሱ ጋር አስተያይተን፥ አዲሱ ከአሮጌው ምን ሊወስድ እንደሚገባውና ምን ሊተው እንደሚገባው ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭ አገሩን ስንጠቅስ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን እናመለክታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የንስሐ አባት ነው። በጎጃም ደጋ በተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የንስሐ አባት የሌለው ቤተ ሰብ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ይህ አባት በበዓላት ቀን ወደ ንስሐ ልጆቹ ቤት ይመጣል፤ ጠበል ይረጫል፤ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ይጠይቃል፤ ከዚያም በኋላ ቤተ ሰቡ ገለል ይልለትና አንዱን ለብቻው ይሰማዋል። ጋብቻ ሲታሰብ፥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፥ ሰው ሲታመምና ሲሞት ከበሩ አይታጣም። ነገር ግን ለዚህ ሥራው የወር ደመወዝ የተቈረጠለት ሠራተኛ አልነበረም። በባላገር ያለው ባለ ትዳር ቄስ በሥራ ቀን እንደ ጎረቤቶቹ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ የሰውን ኀዘን የሚሰማው ከዚህ በተረፈው ጊዜ ነው።

ታዲያ ይህን ሥራ እንዴት ተማረው? ዲያቆን ሳለ የሰው ንስሐ መቀበል አይፈቀድለትም። ቅስና ከተቀበለ በኋላም ቢሆን ሰው ለወጣት ቄስ ልቡን ቶሎ አይከፍትለትም፤ ስለዚህ በጥቂት የንስሐ ልጆች ይጀምራል። ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ወደ ታላቁ ሄዶ፥ ስም ሳይጠራ፥ መንደርም ሳይለይ፥ «እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም ምን ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ታላቁም ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቀው ይመልስለታል። ምስጢር ማውጣት በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ከባድ ጥፋት ስለ ሆነ፥ ምስጢር ሳያወጡ መማከር ራሱን የቻለ ጥበብ ነበረ። ከዚህም ሌላ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር አለ፤ የንስሐ አባት እርሱ ራሱ የንስሐ አባት አለው። ሌላውን ሲሰማ የከረመው ሰው በተራው የሚሰማው ሰው አያጣም ማለት ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

እውነቱን ለመናገር፥ ተራው የባላገር ቄስ የተማረው ከንባብ፥ ከዳዊትና ከቅዳሴ ብዙም አያልፍም ነበር። ከዚህ የዘለቀውን ትምህርት ለመቅሰም የፈለገ ወደ ታላላቆቹ አድባራት መሄድ ነበረበት። ጎጃም በዚህ በኩል የታደለ አገር ነው፤ ደብረ ኤልያስ፥ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ስማቸው የታወቀ የትምህርት ስፍራዎች ናቸው፤ ጎንጅና ዋሸራም ቅኔ በስማቸው የሚጠራላቸው ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ከደጅ ደጅ ይለምናል፤ የለመነውን ተመግቦ ደግሞ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። የቀኑን እኩሌታ ለሆዱ፥ እኩሌታውን ለትምህርቱ ይሰጣል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቅኔ ለመካሪነት ምን ይረዳል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን በጣም ይረዳል። ሰምና ወርቅ መለየት የለመደ ልጅ፥ ሰው ከሚናገረው ቃል በታች ሌላ ነገር እንደሚኖር ዐውቆ ያድጋል። ስለ በሬ መጥፋት ሊያማክር የመጣ ሰው ነገሩ ስለ በሬው ላይሆን ይችላል፤ በሬው ሰም ነው፤ ወርቁ በቤቱ ውስጥ ያለው ጠብ ነው። ከቅኔ ቀጥሎ ያሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት አራት ናቸው፤ ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ይባላሉ። ፍትሐ ነገሥት የሚተረጐመው ከሊቃውንት ጋር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተሰናዳው ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጾች ሲኖሩት፥ የመጀመሪያዎቹ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ሥርዐት ይናገራሉ። ለኛ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመነኮሳቱ ጉባኤ ነው። በዚያ የሚተረጐሙት ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉት መጻሕፍት፥ ክፉ ሐሳብ በሰው ልብ እንዴት እንደሚነሣ፥ ኀዘንና ተስፋ መቍረጥ ሰውን እንዴት እንደሚይዙት፥ ከዚያም እንዴት እንደሚወጣ በጥልቅ ይመረምራሉ። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው የነነዌው ይስሐቅ የጻፈው ከዲማ ደጅ ተቀምጦ ሲተረጐም የሰማ ሰው፥ የሥነ ልቡና ትምህርት በአውሮጳ ብቻ የተወለደ ነው ብሎ ለመናገር ይከብደዋል።

ሁለተኛው መካሪ ሽማግሌው ነው። ለዚህ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ትምህርት ቤቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰቡበት የዛፍ ጥላ ነበረ። ጐልማሳው መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ቀጥሎ መልእክት ያደርሳል፤ በብዙ ዓመት ልምድ ቃሉ መሰማት ይጀምራል። የሚማረውም ዝርዝር ነገር ነው። ባለ ጠቦቹን ለየብቻ መስማት፥ ንዴቱ ሳይበርድ አለመፍረድ፥ ቀጠሮ መስጠት፥ የተበዳዩን አንገት ሳያስደፉ በዳዩን ይቅርታ ማስጠየቅ፥ እነዚህ ሁሉ በመስማት የሚለመዱ ናቸው። ደም የተፋሰሱ ወገኖችን ሲያስታርቁማ አንዲት የተሳሳተች ቃል ሌላ ነፍስ ታስጠፋለች። ስለዚህ ሰው እስኪበስል አይነካትም።

በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የቈረቈሩዋት መንቆረር ኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ ተብላ የንጉሡ መቀመጫ፥ ቀጥሎም የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፥ ሙግት ያለበት ሁሉ ከሞጣም፥ ከቢቸናም፥ ከደጀንም ወደ እርስዋ ይጐርፍ ነበር። በዚህም ጊዜ ማንም መካሪ ብሎ ያልሾመው ሌላ መካሪ በፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀመጠ፤ ይኸውም ማመልከቻ ጸሐፊው ነው። እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ሰው ልንንቀው አይገባም። አቤት ባዩ የልቡን ሁሉ የሚዘረግፈው በእርሱ ፊት ነው፤ ጸሐፊውም ከአንድ ሰዓት ልቅሶና ወሬ ውስጥ ለዳኛው የሚሆኑትን ዐሥር መስመሮች ይመርጣል። የቀረው ልቅሶ ግን የሚጻፍበት ወረቀት አልነበረም።

ከዚህ ላይ አሮጌውን ሥልጠና ብቻ አመስግነን ብናልፍ ለአንባቢ ታማኞች አንሆንም። የንስሐ አባቱም ሽማግሌውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቡት ስለ ቤቱ ሰላም እንጂ በቤቱ ውስጥ ስላለው ስለ አንዱ ሰው አልነበረም። የተደበደበች ሚስት «ቤትሽን አትበትኚ፥ ቻይ» ትባላለች። ሳትጠነክር የተዳረች ልጅ ደግሞ የምትማከረው ሰው አልነበራትም፤ የዳሩዋት አባትዋ፥ ጋብቻውን ያስማሙት ሽማግሌዎች፥ ጋብቻውን የባረኩት ካህን፥ ሁሉም በአንድ ወገን ናቸውና። ሴቶች በጓዳ ብዙ ይመካከራሉ፤ አዋላጂቱና የክርስትና እናቲቱ ስንቱን ጉድ በሆዳቸው ይዘው ኖረዋል፤ በዛፉ ጥላ ሥር ግን ወንበር አልነበራቸውም። ወጣትም ቢሆን እንደ ሴቲቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዘመኑን ሥርዐት በግልጽ የሚተቸውን ሰው ካሣ ዳምጤን ሕዝቡ «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ እብድ ሲቈጥረው ማሳየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ለረዥም ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ጠብ በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ሰጠ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አደረገው። በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን የሴቲቱ ዕድሜም 18 ሆነ፤ ፍቺም የፍርድ ቤት ሥልጣን ሆነ። ዳኛው ባልና ሚስቱ እንዲታረቁ ሊመክራቸውና ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በዚህ ለውጥ ሽማግሌው ዳኝነቱን አጥቶ ምክሩ ብቻ ቀረለት። ዳኝነት የሌለው ምክር ደግሞ ሌላ ዐይነት ትምህርት ይፈልጋል፤ ሰውየው የሚሰማህ ስለሚፈራህ ሳይሆን ስለ ሰማኸው ብቻ ነውና።

በውጭው ዓለም ይህ ዐይነቱ ትምህርት የተጀመረው ሩቅ በማይባል ዘመን ነው። በፈረንጆች 1908 ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ በቦስተን ከተማ ወጣቶች ሥራ እንዲመርጡ የሚረዳ ቢሮ ከፈተ፤ የሙያ ምክር የሚባለው ከዚያ ይቈጠራል። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የእንግሊዛዊው ቄስ የቻድ ቫራ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በፈረንጆች 1935 ገና ወጣት ካህን ሳለ፥ ራስዋን ያጠፋች የ14 ዓመት ልጅ እንዲቀብር ታዘዘ። ልጅቱ የሞተችው ለሴት ልጅ ሁሉ የሚመጣው የወር ልማድ ሲመጣባት ክፉ በሽታ የያዛት መስሎአት ነበረ፤ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ቄሱ በ1953 በሎንዶን ባለው ቤተ ክርስቲያኑ ስልክ አቁሞ፥ ሞትን ያሰበ ሁሉ እንዲደውልለት አስታወቀ። ሰው በዛበትና ተራ የሚጠብቁትን ሻይ የሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞች አቆመ። ብዙ ሳይቈይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሲጨዋወቱ የቈዩት ብዙዎቹ ቄሱን ሳያዩ ቀለል ብሎአቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ማዳመጡን ለነዚያ ሰዎች ተወላቸው። እነርሱም በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ፥ በትርፍ ጊዜአቸው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ያቺ የእንግሊዝ ልጅ ከጎጃሟ ልጅ በምን ትለያለች?

ወደ አገራችን እንመለስ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከደብረ ማርቆስ በሽተኛውን ይዞ የሚሄድ ዘመድ ዐባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት፤ ይህን ያልቻለ ወደ ጠበሉ ይወስደዋል። በ1979 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ የሠለጠኑትም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች እየሄዱ ክፍል መክፈት ያዙ። ይህ ግን ሕመሙ ለታወቀ ሰው ነው። ሕመም ሳይሆን ሐሳብ የበዛበት ሰው አሁንም ከሽማግሌውና ከንስሐ አባቱ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም።

«አማካሪ» የሚለው ስም በጤና ጣቢያ በር ላይ ተለጥፎ ብዙ ሰው ያየው በኤድስ ዘመን ነው። መንግሥት ስለ በሽታው ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን፥ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ደም የሚሰጥ ሁሉ ከምርመራው በፊትና በኋላ ምክር ያገኝ ዘንድ ነርሶች ለአጭር ጊዜ እየሠለጠኑ ከሌላው ሥራቸው ጋር ይህን ጨመሩ። ኋላም ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሌሎችን ይመክሩ ጀመር። እኛ ይህን ዘመን በምክር ታሪክ ውስጥ ታላቅ ለውጥ እንለዋለን። በዝግ በር ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀመጣሉ፤ አማካሪዋ ወጣት ሴት ትሆናለች፤ የሚመከረው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። አማካሪዋም ስለ ቤቱ ክብር ሳይሆን ስለ እርሱ፥ ስለ ሰውየው፥ ትጠይቀዋለች። በዛፉ ጥላ ሥር ይህ አይታሰብም ነበር። የሚያሳዝነው ግን ጥቂት ቀን ተምራ ክፉ ወሬ በየቀኑ የምትነግረው ያቺው ነርስ፥ ማታ ወደ ቤትዋ ስትሄድ ያንን ሁሉ ለማን እንደምትነግር በሥልጠናው ብዙም አለመታሰቡ ነው።

እነሆ አሁን ወደ መግቢያው ሥልጠና ደረስን። በትርፍ ጊዜ የሚሰጥ የምክር መግቢያ ትምህርት በየትም አገር ቢሆን የሚያስተምረው ተቀራራቢ ነው። ሠልጣኞቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፥ አንዱ ይሰማል፥ ሦስተኛው ሁለቱን ይመለከታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አዎን ወይም አይደለም ከሚያሰኝ ጥያቄ ይልቅ ሰው እንዲናገር የሚያደርግ ጥያቄ መጠየቅ፥ ዝምታን አለመፍራት፥ ምስጢር መጠበቅ፥ ከዐቅም በላይ የሆነውን ለሐኪም ማስተላለፍ ይለመዳል። ለአገራችን ሰው ከሁሉ የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። መምህር ሊያስተምር፥ ቄስ ሊገሥጽ፥ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ለምዶአል፤ ሰውየው ነገሩን ሳይጨርስ ምክሩ ከአፋችን ይቀድማል። መግቢያው ትምህርት ይህን ችኰላ ካስጣለ ገንዘቡን መልሶአል። የሙያ ወረቀት ነው ብሎ የሚይዘው ቢኖር ግን ነገሩ አደገኛ ነው። መግቢያ መግቢያ እንጂ ሙያው አይደለም፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ንስሐ እንዲቀበል አይሾምም።

አጭር ሥልጠና ከንቱ ነው የሚሉትን ግን የሐራሬው ነገር ዝም ያሰኛቸዋል። በፈረንጆች 2006 ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የዚምባቡዌ የአእምሮ ሐኪም፥ በሐራሬ 14 አያቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያው ውጭ በእንጨት ወንበር አስቀመጣቸው። የሚመጣው ሰው የሚያማርረው በቋንቋው «ኩፉንጊሲሳ» በሚሉት፥ እኛ «ሐሳብ በዛብኝ» በምንለው ነበር። በ2016 በታተመው ጥናት በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተመርምረው፥ ከአያቶች ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ተሽሎአቸው ተገኙ። እነዚያ አያቶች የተማሩት ለጥቂት ቀናት ነው። ነገር ግን ተምረው ብቻቸውን አልተተዉም፤ ከበላያቸው የሚጠይቁአቸውና የሚመለሱባቸው ሰዎች ነበሩ። የንስሐ አባት የንስሐ አባት አለው ብለን ከላይ ያቆየነው ነገር ይኸው ነው። የሎንዶኑም፥ የሐራሬውም፥ የዲማውም መካሪ በዚህ አንድ ናቸው፤ የሰማውን ይዞ የሚሄድበት ሰው አለው።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጎጃም መምህር ትምህርቱን ለመቀጠል ዐባይን መሻገር አላስፈለገውም። የማታ፥ የቅዳሜና እሑድ፥ የክረምት ትምህርትም ለአገራችን ሠራተኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀን ሠርቶ ማታ መማር ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው ሞተ፥ ቤተ ሰብ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ተማሪ የተሸከመውን ለማን ይንገር? አባቱን አይደለም፤ አባትየው የራሱን ተሸክሞአል። በባላገር ትምህርት ቤት ያለ መምህር፥ ወደደም ጠላም፥ ልጁ የሚመጣበት ሰው እርሱ ነው።

ስለዚህ የመግቢያውን ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች የትምህርቱን ሰዓት ሲቈጥሩ፥ ከሥልጠናው በኋላ ያለውንም ዓመት አብረው እንዲቈጥሩ እናሳስባለን። ከሞጣ፥ ከቢቸና፥ ከደብረ ኤልያስና ከሉማሜ የሠለጠኑት በወር አንድ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ተገናኝተው፥ ስም ሳይጠሩና መንደር ሳይለዩ የገጠማቸውን ቢነጋገሩ፥ ከመካከላቸውም በሙያው የበሰለ አንድ ሰው ቢቀመጥ፥ ወጪው የመኪና ኪራይና የምሳ ነው። በሥልጠናው ሴቶች ከእኩሌታው ባያንሱ፥ የንስሐ አባቶችም ቢጋበዙበት እንወዳለን። ካህናቱ የሚያስተምሩትም አላቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን ሦስት ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ጊዜ፥ በሰሚው ወንበር ላይ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ልጅ የምትነግራቸውን ዝም ብለው ሲሰሙ ብናያቸው ደስ ይለናል።